የአንድ ጣቃ ርቀት

አባቴ በደሴ ፒያሳ አቡጀዲ፣ ካኪና ፖፕሊን የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ለደንበኛ አንድ ጣት አይጨምሩም፤ አንድ ጣትም አይቀንሱም። ሌሎቹ ነጋዴዎች ጨርቁን ለክተው ሲጨርሱ ለምርቃት ትንሽ ሳብ አድርገው ይቆርጣሉ። እሳቸው ግን የብረት ሜትራቸው ጫፍ ላይ አውራ ጣታቸውን ጭነው መቀሱን ልክ ከጥፍራቸው ሥር ያስገባሉ። ሴቶቹ ‹‹ኧረ ትንሽ ይመርቁልን›› ሲሏቸው ‹‹አላጎደልሁብሽም፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?›› ይላሉ። እኔ በዚህ ጠባያቸው እየተናደድሁ ነው ያደግሁት። ሰው እንዴት ለገዛ ጎረቤቱ አንድ ስንዝር ጨርቅ ይሰስታል እያልሁ ለእናቴ አማቸው ነበር። እናቴ ትስቅብኛለች።

በደርግ ዘመን ያ ጠባይ ጠቀመን። ነጋዴ ሁሉ በዝባዥ ይባል ነበር፤ ሚዛንና ሜትር በድንገት ይፈተሻል፤ አጉድሎ የተገኘ ሱቁ ይታሸጋል፤ ራሱም ቀበሌ ያድራል። ከአባቴ ሱቅ የገባ ተቆጣጣሪ ግን ሁልጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንኳ የልጆቹን ዩኒፎርም ጨርቅ የሚገዛው ከእሳቸው ነበር። ማታ ሱቅ ሲዘጉ ያንን ሜትር በጨርቅ ጠርገው ይዘውት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይመጣሉ። ከእጃቸው ሲወድቅ አይቼ አላውቅም።

ታላቅ እህቴን ያገባት ሰው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሳይዘምት በፊት ይተዋወቁ ነበር። ሰሜን ዘምቶ ቆሰለ፤ ቀኝ ዓይኑን አጥቶ ተመለሰና ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ እምቢ አላሉም፤ እሺ ያሉበት ድምፅ ግን ብዙም አይሰማም ነበር። እህቴ ‹‹ከእሱ ሌላ አልፈልግም›› ብላ አንዴ ከተናገረች በኋላ ጉዳዩን ደግማ አላነሳችውም። ሰፈሩ ግን አፉን አልያዘም። አንዷ ጎረቤታችን ‹‹ሙሉ ሰው ልከን ግማሹን መለሱልን›› ስትል ሰምቻት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኋትም። አሁን ሳስበው ሴትየዋ ልጇ ዘምቶ የቀረባት ነበረች፤ ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም።

በእኛ ቤተሰብ ሠርገኛ የሙሽራዋ ደጃፍ ሲደርስ ሰተት ብሎ አይገባም። ዛፍ ላይ እንቁላል በክር ይሰቀልለታል፤ እሱን ተኩሶ ሲመታ በዋናው በር በእልልታ ይገባል። ርቀቱን የሚለካው የሙሽራዋ አባት ነው። ሦስት ጥይት ይፈቀዳል። ሦስቱንም ከሳቱ በጓሮ በር ነው የሚገቡት፤ ልጃገረዶቹ ያኔውኑ ዘፈን ያወጡባቸዋል፤ ያ ዘፈን ሙሽራው ልጅ እስኪድር ይከተለዋል። አንድ ሌላ ደንብ አለ፦ ተኳሹ መስመሩ ላይ ከቆመ በኋላ የሙሽራዋ ወገን አያናግረውም። ካናገረው እንደሳተ ይቆጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚተኩሱት ሚዜዎች ናቸው፤ ሙሽራው ግን ከፈለገ መብቱ ነው።

በዚያ ጊዜ መሣሪያ ሁሉ ተሰብስቦ ቀበሌ ገብቷል። ሠርግ ላይ የጥይት ድምፅ ቢሰማ ሙሽራውም ሚዜውም የጫጉላቸውን ጊዜ አብረው እስር ቤት ያሳልፉት ነበር። ስለዚህ ሰዉ መላ ዘየደ። ኮምቦልቻ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ከረሜላና ሲጋራ ደርድሮ መንገደኛውን ኢላማ የሚያስተኩስ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ከእሱ የአየር ጠመንጃ መዋስ ተለመደ። ወገቡ ላይ ታጥፎ አየር የሚሞላ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል እርሳስ የሚተፋ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ጉልበቱ ደክሞ ስለነበር እርሳሷ ትንሽ ራቅ ካለባት ወደ ታች ትወርዳለች።

የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተሰብስበው በርቀቱ ተከራከሩ። በምንሽር ጠመንጃ ጊዜ ኢላማው ማዶ ነበር የሚሰቀለው፤ የአየር ጠመንጃ ማዶ አይደርስም። የእኛዎቹ አራቁት አሉ፤ የሙሽራው ወገኖች አቅርቡት አሉ። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ ‹‹የልጅቱ አባት ጨርቅ ነጋዴ አይደሉ? አንድ ጣቃ አቡጀዲ ቢዘረጋ የሚደርስበት ይሁን›› አሉ። ሁሉም ስቀው ተስማሙ። ጣቃ ማለት ከፋብሪካ ተጠቅልሎ የሚመጣው ሙሉ ጨርቅ ነው፤ ልኩን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ሙሽራው ‹‹የምተኩሰው እኔው ነኝ›› ብሎ የላከው። ለምን እንደፈለገ ማንም አልጠየቀም፤ የጎረቤቲቱ ወሬ ኮምቦልቻም ደርሶ ነበርና።

እኔ በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። ኒካሁ ታስሯል፤ እህቴ ግን እስከ ሠርጉ ድረስ ባሏን ልታየው አትችልም። ስለዚህ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። ‹‹ሂጂና እይልኝ። የሚችል ካልሆነ እግሩ ላይ ወድቀሽ ለምኚው፤ ሚዜው ይተኩስ። እኔ በጓሮ በር ቢገባም ግድ የለኝም፤ እሱ ግን በሐፍረት ይሞታል›› አለችኝ። እሱም በበኩሉ ‹‹ከአባትሽ ሱቅ የአንድ ጣቃ ልክ በሲባጎ አምጭልኝ›› ብሎ ልኮብኝ ነበር። አባቴ ለሶላት ሲወጡ ጠብቄ አንድ ጣቃ ዘረጋሁና ሲባጎውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼ ቆረጥሁለት።

ቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ግራር ላይ የቲማቲም ጣሳ ክዳን ሰቅሎ ሲለማመድ አገኘሁት። ሲባጎውን ከግንዱ አሥሮ እስከ ጫማው ጫፍ ድረስ ወጠረው። ጠመንጃውን በግራ ትከሻው ነው የሚይዘው፤ ቀኝ ዓይን ስለሌለው እንደ አዲስ በግራ መማር ነበረበት። ተኮሰ። ክዳኑ ‹‹ቋ›› አለ። ደግሞ ተኮሰ፤ ደግሞም መታ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

‹‹እንዲህ ከሆንህ ሲባጎው ለምን አስፈለገህ? በዓይንህ ገምተህ አትተኩስም?›› አልሁት።

ሳቀ። ‹‹ለማነጣጠርማ ሁሉም ሰው አንዱን ዓይኑን ይጨፍን የለ? እኔ መጨፈኑን ተገላገልሁ። የቸገረኝ ርቀቱ ነው። ሁለት ዓይን ሳለኝ ርቀትን የማውቀው በዓይኔ መሆኑንም አላውቅ ነበር። አሁን ውሃ ስቀዳ ከጣሳው ውጭ ነው የማፈስ። ደረጃ ስወርድ መሬቱ የለም ስል አለ፤ አለ ስል የለም።››

ከዚያ ዘዴውን ነገረኝ። በአንድ ጣቃ ርቀት እርሳሷ ስለምትወርድ ከክዳኑ አንድ መዳፍ ከፍ አድርጎ ነው የሚያነጣጥረው። ርቀቱ ይህ ከሆነ አይስትም። ‹‹ቢቀርብስ?›› አልሁት። ‹‹ሞክሪኛ›› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ክዳኑን ከግንዱ አውርጄ ወደ እሱ ቀረብ ካለ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ፣ ያንኑ ያህል ከፍታ ላይ ሰቀልሁት። ዞረና ተኮሰ፤ እርሳሷ ከክዳኑ በላይ ቅጠሉን በጥሳ ሄደች። ደግሞ ተኮሰ፤ ያው ነው። መቅረቡን አላወቀም። እኔ ደግሞ መቅረቡ ፊት ለፊቴ እየታየኝ እሱ አለማየቱ አንጀቴን በላው።

‹‹ወይኔ ወንድሜ፣ በሠርጉ ቀን እንዲህ ቢሆንስ?›› አልሁት።

‹‹የሚለካው አባትሽ አይደሉ? እሳቸው ከለኩት እኔ ምን ያሳስበኛል›› አለና ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ።

ለእህቴ ‹‹ይመታል›› አልኋት። ተቀምጣ አለቀሰች፤ ቀጥላም ስለ ጫማው፣ ስለ ኮቱ፣ ስለ መክሳት መወፈሩ ትጠይቀኝ ጀመር።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሙሽራው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤታችን መጣ። እህቴ ጓዳ ተደበቀች። ሻይ ቀዳሁ። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ማለቴ፣ ያስቀመጠ መሰለው። ብርጭቆው ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ፣ አየር ላይ ነበር የተለቀቀው። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰበረ።

‹‹አፉ ይበሉኝ አባባ›› አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

‹‹አብሽር፣ ብርጭቆ ነው›› አሉ አባቴ። የራሳቸውን ሻይ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ሳያኖሩ በእጁ አስያዙት። በዚያ ማታ ‹‹ያ ልጅ ራሱ ይተኩሳል የሚባለው እውነት ነው?›› ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልሁ። ‹‹ሚዜ ጠፋ?›› አሉ። ናቁት ብዬ ደሜ ፈላ። ‹‹ሚዜ ሞልቷል። እሱ ግን ሰው ነው›› ብዬ ትቻቸው ወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያጣውን ዓይን ብቻ ሲያይበት፣ አባቴም ከሰፈሩ ጋር የተደመሩ መስሎኝ ነበር።

የሠርጉ ቀን ጥር ውስጥ ነበር፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጭስ በልቶን ስንንጎዳጎድ፣ አባቴ ሜትራቸውን ይዘው ደጅ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ባሕር ዛፉ ላይ እንቁላሉ ተሰቅሏል። ብቻቸውን ለኩ፤ በኖራ መስመር አሰመሩ፤ ተመልሰው ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን የወንዱ ወገን ተወካይ ልኮ ያጣራ ነበር። አባቴ የለኩትን ማን ያጣራል? ማንም አላሰበውም።

ሠርገኛው የሐረጎን ዳገት አቧራ ለብሶ በጭነት መኪና ደረሰ። የሰዓት እላፊው ሳይደርስባቸው መመለስ ስላለባቸው ይጣደፋሉ። ከፊት ወንበሮች ላይ ሽማግሌዎቹ፣ የፒያሳ ጨርቅ ነጋዴዎችና የቀበሌው ሊቀ መንበር ተቀምጠዋል። እህቴ ከውስጥ ተሸፋፍና ትጠብቃለች። ሙሽራው ከሚዜዎቹ መሃል ወጥቶ ጥቁር መነጽሩን አወለቀ፤ ለሚዜው ሰጠና ኖራው ላይ ቆመ። ቀኝ ዓይኑ የነበረበት ቦታ ለሁሉም ታየ።

ጠመንጃውን አጠፈ፤ እርሳስ አጎረሰ፤ በግራ ትከሻው ያዘ። ተኮሰ። እንቁላሉ አልተነካም። ከሚዜዎቹ አንዱ ‹‹አብሽር›› አለ። ሁለተኛውን ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ተኮሰ። እንቁላሉ ነቅነቅ እንኳ አላለም። ከበሩ ጎን ልጃገረዶቹ እርስ በርሳቸው መንሾካሾክ ጀመሩ፤ ዘፈኑ እየተዘጋጀ ነው።

እኔ ግን እርሳሷ የት እንዳረፈች አይቼ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ከእንቁላሉ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ልጥ ላይ፣ አንድ ቦታ ነው የመታችው። ያ የቲማቲም ጣሳ ክዳን ትዝ አለኝ። ኖራውን አየሁ፤ ዛፉን አየሁ። ያንን ጣቃ በገዛ እጄ ዘርግቼ የለካሁ ነኝ። መስመሩ ቀርቧል።

አባቴ ከአጥሩ ሥር ሜትሩን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። በሰዉ መሃል ተሽሎክልኬ አጠገባቸው ደረስሁ።

‹‹አባባ፣ አሳጥረውታል?›› አልኋቸው በሹክሹክታ።

አላዩኝም። ‹‹ትንሽ›› አሉ።

‹‹ለምን?››

‹‹ብርጭቆውን አይተሽ የለ። እንዲቀለው ብዬ ነው።››

አንዲት ስንዝር ጨርቅ ለሰው መርቀው የማያውቁ ሰው! ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ‹‹እሱ እኮ የተለማመደው በጣቃው ልክ ነው። ከፍ አድርጎ ነው የሚያነጣጥረው። ሲያቀርቡበት በላዩ ያልፋል። መቅረቡን ደግሞ ማየት አይችልም፤ እርስዎን ነው ያመነው›› አልኋቸው። ድምፄን ዝቅ ባደርገውም ቁጣዬ ሳያስታውቅ አልቀረም።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን እንደሚያስቡ ገባኝ። ሙሽራውን ቀርበው ዝቅ አድርግ ቢሉት ደንቡ ፈረሰ፤ እንደሳተ ይቆጠርበታል። ዝም ቢሉ ደግሞ ማንም አይጠይቃቸውም፤ አንድ ዓይና ሰው ሳተ ይባላል፤ በቃ። ከተናገሩ ግን የሚናገሩት በነጋዴዎቹና በሊቀ መንበሩ ፊት ነው፤ ልክ አጎደልሁ ብለው። በዚያ ዘመን ሱቃቸውን ያቆመላቸው አላጎደሉም መባላቸው ብቻ ነበር። ሙሽራው ሦስተኛዋን እርሳስ አጉርሶ ጠመንጃውን ሲያነሳ አየሁ።

‹‹ሽማግሌዎች፣ ተኩሱን አስቁሙልኝ›› አሉ አባቴ።

አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ሙሽራው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። አባቴ ወደ መሃል ወጡ፤ ለሠርጉ የለበሱት ነጭ ጀለቢያ በነፋሱ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል።

‹‹ልኩ ጎደሎ ነው። አንድ ጣቃ ተባብለን ነበር። አጉድዬ የለካሁት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እሱ አያውቅም፤ የነገርሁትም ሰው የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።››

ከነጋዴዎቹ አንዱ ‹‹እርስዎም ያጎድላሉ ለካ!›› ብሎ ሳቀ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም አጀቡት። ሰዉ ሁሉ ሊቀ መንበሩን ያይ ጀመር። ሊቀ መንበሩ ያንን ሜትር፣ ለልጆቹ ዩኒፎርም ስንት ጊዜ የተለካበትን፣ ትንሽ አየውና ‹‹እንግዲያው አሁን በሕዝብ ፊት ይለኩ›› አለ። ድምፁ የስብሰባ ድምፅ ነበር። ሱቁ አበቃለት ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ።

አባቴ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ዛፉ ሥር ተንበረከኩ። ሜትሩን መሬት ላይ አስተኙ፤ ጫፉ ላይ አውራ ጣታቸውን ጫኑ፤ አነሱና ቀጠሉ። ልክ ሱቅ ውስጥ እንደሚያደርጉት። ዕድሜያቸው ስለገፋ በየመሃሉ ወገባቸውን ይይዛሉ። ሚዜዎቹ ሊያግዟቸው ሲሉ እጃቸውን አራግበው መለሷቸው። ኖራውን አለፉ፤ ሙሽራውንም አለፉ፤ ከኋላው ርቀው ሄደው መሬቱን በሜትሩ ጫፍ ጫሩና ‹‹ይኸው›› አሉ። የተረፈውን ቦታ ሰዉ ሲያየው ማጉረምረም ተነሳ። ትንሽ አልነበረም።

ሽማግሌው ‹‹ልኩ ውሸት ስለነበር የፊቱ ሁለት አይቆጠርም፤ ሦስት ጥይት ይሰጠው›› አሉ።

‹‹የለም አባባ፣ የቀረችኝ አንዷ ትበቃኛለች›› አለ ሙሽራው።

ወደ አዲሱ መስመር ሄደ። አባቴ ከጎኑ ገለል ብለው ቆሙ፤ ጉልበታቸው ላይ አፈር አለ። ሙሽራው ዛፉን አልተመለከተም፤ መጀመሪያ የተመለከተው በሜትሩ የተጫረውን መሬት ነበር። ጫማውን እዚያ ላይ አደረገ። ጠመንጃውን አነሳ፤ አፈሙዙ ከእንቁላሉ ከፍ ሲል አየሁት፤ አንድ መዳፍ። እኔም በሆዴ ዱዓ አደረግሁ።

እንቁላሉ ፈረጠ። አስኳሉ በባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ሲወርድ ልጃገረዶቹ የጀመሩትን ዘፈን ረስተው እልል አሉ። እህቴ ከውስጥ ሆና ‹‹መታ ወይ? መታ ወይ?›› እያለች ሰዉን ስትጠይቅ ይሰማል። ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ተነስቶ አጨበጨበ። በሳምንቱ ለትንሹ ልጁ ካኪ ሊገዛ ወደ አባቴ ሱቅ ሲመጣ ስለ ልኩ መጉደል አንድም ነገር አላነሳም፤ ይህን ግን የሰማሁት ኋላ ነው።

በዚያች ሰዓት ያየሁት ሁለቱን ነው። ሙሽራው ጠመንጃውን ለሚዜው ሰጥቶ ወደ አባቴ ዞረ፤ ሊጨብጣቸው ቀኝ እጁን ዘረጋ። እጁ አልደረሰም። አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶት አየር ላይ ቆመ፤ እሱ ግን የደረሰ መስሎት ይጠብቅ ነበር።

አባቴ ሜትሩን መሬት ላይ ጣሉት፤ የቀረውን ስንዝር ሄደው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።